ለጉበት ካንሰር በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚውኖቴራፒ፦ ታማሚዎችና ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሐኪሞች ሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ የሚሉትን፣ ከጉበት ሴሎች የሚነሳውንና ከጉበት ካንሰር ዓይነቶች በብዛት የሚታየውን በሽታ የሚመለከቱ ናቸው። ከአንጀት፣ ከጡት ወይም ከሌላ አካል ተነሥቶ ወደ ጉበት የተዛመተ ካንሰር ሕክምናው የተለየ ስለሆነ እዚህ አልተካተተም። የአሰጣጡ ዝርዝር በዋናነት በአሜሪካ ያለውን አሠራር የተከተለ ሲሆን፣ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኢሚውኖቴራፒ ከኬሞቴራፒ በምን ይለያል?

ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን በቀጥታ የሚገድል መድኃኒት ነው። ኢሚውኖቴራፒ ግን የሚሠራው በካንሰሩ ላይ ሳይሆን በታማሚው የገዛ ነጭ የደም ሴሎች ላይ ነው። እነዚህ ሴሎች ጤናማውን አካል እንዳያጠቁ የሚይዛቸው ተፈጥሯዊ ፍሬን አላቸው፤ የካንሰር ሴሎች ደግሞ ይህንኑ ፍሬን እየረገጡ ከጥቃት ያመልጣሉ። መድኃኒቶቹ ፍሬኑን በማላቀቅ ነጭ የደም ሴሎቹ ካንሰሩን እንዲያጠቁ ያደርጋሉ። የዚህን አሠራር መሠረት ያገኙት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የሕክምናው ጥቅምም ሆነ ጉዳት የሚመነጨው ከዚሁ አንድ ነገር ነው፤ የተላቀቀው መከላከያ ካንሰሩን ሊያጠቃ እንደሚችል ሁሉ ቆዳን፣ አንጀትን፣ ሳንባን ወይም ራሱን ጉበቱን ሊያጠቃ ይችላል። በዚህ ገጽ ላይ የተጻፈው አብዛኛው ምክር ከዚህ እውነታ የሚነሳ ነው።

ለጉበት ካንሰር የሚሰጡት መድኃኒቶች የትኞቹ ናቸው?

ከ2007 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ፣ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ለማይችል የጉበት ካንሰር ዋናው መድኃኒት ሶራፌኒብ የተባለው የሚዋጥ ክኒን ነበር። በ2020 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ የተባሉት መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ ፈቀደ፤ በገበያ ስማቸው ቴሴንትሪክና አቫስቲን ይባላሉ። በ2022 ደግሞ ትሬሜሊሙማብና ዱርቫሉማብ ተፈቀዱ። በ2025 ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ ለመጀመሪያ ሕክምና ተጨመሩ። ከነዚህ ውስጥ ቤቫሲዙማብ ራሱ ኢሚውኖቴራፒ አይደለም፤ ካንሰሩ አዳዲስ የደም ሥሮችን እንዳያበቅል የሚከለክል መድኃኒት ሲሆን፣ ከአቴዞሊዙማብ ጋር ተጣምሮ የሚሰጠው አንዱ የሌላውን ሥራ ስለሚያግዝ ነው። ከሦስቱ ጥምረቶች የትኛው እንደሚሻል የሚወሰነው በታማሚው የደም መፍሰስ ስጋት፣ በጉበቱ አቅምና ባሉበት ሌሎች ሕመሞች ነው። ስለዚህ አንድ ዘመድዎ የወሰደው መድኃኒት ለእርስዎ ካልታዘዘ የከፋ ሕክምና ተሰጠኝ ብለው አይደምድሙ።

ለሁሉም የጉበት ካንሰር ታማሚ ይሰጣል?

አይሰጥም። ካንሰሩ ገና ትንሽ ከሆነ ቀዶ ሕክምና፣ በሙቀት ማቃጠል ወይም የጉበት ንቅለ ተከላ ይቀድማል። ካንሰሩ ሰፋ ያለ ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ የቀረው ጉበት ምን ያህል ይሠራል የሚለው ነው። አብዛኛው የጉበት ካንሰር የሚነሣው በሄፓታይተስ ቢ፣ በሄፓታይተስ ሲ፣ በአልኮል ወይም በስብ ክምችት ምክንያት ለዓመታት ሲቆስል በኖረ ጉበት ላይ ስለሆነ፣ ታማሚው በአንድ ጊዜ ሁለት በሽታ ይዞ ይመጣል። ሐኪሞች የጉበቱን አቅም ቻይልድ ፒዩ በተባለ መለኪያ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ብለው ይመድቡታል። መድኃኒቶቹ የተፈቀዱባቸው ትላልቅ ጥናቶች የተካሄዱት በኤ ምድብ ባሉ፣ ማለትም ጉበታቸው ከሁሉም በተሻለ በሚሠራላቸው ታማሚዎች ላይ ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሆዱ ውሃ የያዘ ወይም አእምሮው በጉበት ድካም ምክንያት የሚምታታበት ሰው ከሕክምናው የሚያገኘው ጥቅም ያነሰ ሲሆን የሚደርስበት ጉዳት ሊበልጥ ይችላል።

ቀደም ሲል የሰው ጉበት የተተከለለት ታማሚ፣ የተላቀቀው መከላከያ የተተከለውን ጉበት ሊያጠቃ ስለሚችል፣ ከፍተኛ አደጋ አለበት። እንደ ሉፐስ ወይም የአንጀት ብግነት ያሉ፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች ያሉበት ሰውም ይህንን ከመጀመሪያው ቀን መናገር አለበት።

ከመጀመሬ በፊት ኢንዶስኮፒ ታዘዘልኝ፤ ችግሩ ጉበቴ ላይ ሆኖ ሳለ ጉሮሮዬን ማየት ለምን አስፈለገ?

ጉበት በጠባሳ ሲደነድን ደም እንደ ልቡ ሊያልፍበት አይችልም። መሄጃ ያጣው ደም ወደ ምግብ ቧንቧና ወደ ጨጓራ ደም ሥሮች ይመለስና ያሳብጣቸዋል። ያበጠ ደም ሥር ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሊፈነዳ ይችላል፤ ቤቫሲዙማብ ደግሞ የደም መፍሰስን አደጋ የሚጨምር መድኃኒት ነው። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ የተደረገ የኢንዶስኮፒ ምርመራ ይጠይቃሉ። ያበጠ ደም ሥር ከተገኘ በላስቲክ ቀለበት ይታሰራል ወይም ግፊቱን የሚቀንስ ክኒን ይሰጣል፤ አለዚያም ቤቫሲዙማብ የሌለበት ጥምረት ይመረጣል። ምርመራው ደስ የሚል ባይሆንም አይተዉት። በዚህ ሕክምና ውስጥ አስቀድሞ በማየት ሊከለከሉ ከሚችሉት አደጋዎች ትልቁ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም።

በዚሁ ጊዜ የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራ ይደረጋል። ቫይረሱ በደምዎ ካለ እንደ ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር ያለ ክኒን ይታዘዝልዎታል። ይህን ክኒን ኢሚውኖቴራፒው ቢቋረጥ እንኳን ሐኪሙ ሳያዝዝ ማቆም አይገባም፤ ቫይረሱ በድንገት ተነሥቶ ጉበቱን ሊጥለው ይችላል።

በሕክምናው ቀን ምን ይጠብቀኛል?

በመጀመሪያ የደም ምርመራ ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ጠዋት ወይም በዋዜማው። የደም ሴሎች ብዛት፣ የጉበት ኤንዛይሞች፣ ቢሊሩቢን፣ ኩላሊት፣ ስኳርና በየተወሰነ ጊዜ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ይታያል። ቤቫሲዙማብ ለሚወስዱ ሰዎች የደም ግፊት ይለካል፣ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩም ይመረመራል። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ ሕክምናው ለሌላ ቀን ሊተላለፍ ይችላል። ብዙ ታማሚዎች በዚህ በጣም ይደነግጣሉ፤ ሆኖም አንድ ዙር በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት መዘግየቱ ሕክምናው አልተሳካም ማለት አይደለም።

ከዚያ በክንድ ደም ሥር ላይ እንደ ግሉኮስ መስጫ ያለ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ደም ሥራቸው አልገኝ ለሚል ታማሚዎች ደግሞ ፖርት የተባለ ትንሽ መሣሪያ ከደረት ቆዳ ሥር ሊቀመጥ ይችላል። አቴዞሊዙማብ በመጀመሪያው ቀን በ60 ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል፤ ሰውነት ከተቀበለው ቀጣዮቹ ዙሮች 30 ደቂቃ ይወስዳሉ። ቤቫሲዙማብ በመጀመሪያ 90፣ ቀጥሎ 60፣ ከዚያም 30 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለቱም በየሦስት ሳምንቱ ይሰጣሉ። ትሬሜሊሙማብ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱ ካለቀ በኋላ ታማሚው ለአንድ ሰዓት ያህል ክትትል ይደረግለትና በዚያው ቀን ዱርቫሉማብ ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ዱርቫሉማብ ብቻውን በየአራት ሳምንቱ ይቀጥላል። ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ በየሦስት ሳምንቱ እስከ አራት ጊዜ አብረው ይሰጡና ኒቮሉማብ ብቻውን ይቀጥላል። ከ2024 ወዲህ አቴዞሊዙማብን በጭን ቆዳ ሥር በሰባት ደቂቃ ያህል በሚያልቅ መርፌ መስጠትም ተፈቅዷል፤ ቤቫሲዙማብ ግን አሁንም በደም ሥር ነው።

ደሙ ተመርምሮ፣ መድኃኒቱ በፋርማሲ ተዘጋጅቶ፣ ተሰጥቶ እስኪያልቅ የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል ቁርስ በልተው፣ የዘወትር ክኒኖችዎን ውጠው፣ እጅጌው በቀላሉ የሚሰበሰብ ልብስና ጋቢ ወይም ነጠላ ይዘው ይሂዱ፤ ክፍሎቹ ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛሉ። በመጀመሪያው ቀን የሚያደርስዎትና የሚመልስዎት ሰው ቢኖር ይመረጣል።

መድኃኒቱ እየገባ ሳለ ችግር ቢፈጠርስ?

አንዳንድ ሰዎች መድኃኒቱ እየገባ ወይም ካለቀ በኋላ ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ያተኩሳቸዋል፣ ቆዳቸውን ያሳክካቸዋል፣ ፊታቸው ይቀላል ወይም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ነርሷ ፍጥነቱን ትቀንሳለች ወይም ታቆመዋለች፤ ማረጋጊያ መድኃኒትም ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ ይህ ቀላል ሆኖ ያልፋል። ከእርስዎ የሚጠበቀው ስሜቱ እንደጀመረ መናገር ብቻ ነው፤ ነርሷ ሥራ በዝቶባታል ብሎ ዝም ማለት አያስፈልግም።

ወደ ቤት ከተመለስኩ በኋላ የትኛው ስሜት የተለመደ ነው? የትኛውስ ያሳስባል?

አብዛኞቹ ታማሚዎች መድኃኒቱ የሚሰጥበትን ሰዓት በቀላሉ ያልፉታል። ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዙሮቹ መካከል ባሉት ሳምንታት፣ በቤት ውስጥ ነው። ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ቀለል ያለ ማሳከክና የመገጣጠሚያ ሕመም በብዛት የሚታዩ ሲሆኑ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ቢነገሩ ይበቃል። የሚከተሉት ግን ቀጠሮ አይጠብቁም።

ተቅማጥ ከወትሮው ከአራት ጊዜ በላይ ከጨመረ፣ ወይም ደም ወይም ንፍጥ ካለበት ወይም ከሆድ ቁርጠት ጋር ከመጣ፣ አንጀት እየተጠቃ ሊሆን ይችላል። አዲስ ደረቅ ሳል ወይም ደረጃ ሲወጡ ከዚህ በፊት ያልነበረ የትንፋሽ ማጠር የሳንባ ብግነት ምልክት ሊሆን ይችላል። የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆርና በቀኝ ጎን የሚሰማ ሕመም ጉበቱ ራሱ መጠቃቱን ወይም ካንሰሩ መባባሱን ሊያመለክት ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው በምርመራ ብቻ ነው። የማይለቅ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ሲነሡ ማዞርና ብርድ መጥላት የታይሮይድ፣ የአድሬናል ወይም የፒቱታሪ ዕጢ መጎዳትን ሊያሳይ ይችላል። ከመጠን ያለፈ ጥማትና የሽንት መብዛት በድንገት የመጣ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት፣ የጡንቻ ድክመት ወይም የዐይን ሽፋን መውደቅ አልፎ አልፎ የሚታዩ ቢሆኑም አደገኛ ናቸው። ቤቫሲዙማብ የሚወስድ ሰው ደም ካስታወከ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሐኪሙን ደውሎ መጠበቅ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

እነዚህ ጉዳቶች ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሳምንታት ውስጥ፣ ከብዙ ወራት በኋላ ወይም ሕክምናው ካቆመ በኋላ እንኳን ሊመጡ ይችላሉ። ቶሎ የተነገረ ተቅማጥ በክኒን ሊቆም ይችላል፤ ለሁለት ሳምንት የተደበቀ ተቅማጥ ግን አንጀትን እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል። በእኛ ዘንድ ሕመምን ችሎ ማለፍ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል፤ በተለይ እናቶቻችንና አባቶቻችን «ልጆቼን አላስቸግርም» እያሉ ብዙ ነገር ይውጣሉ። በዚህ ሕክምና ላይ ግን መቻል የሚያስመሰግን አይደለም፤ ነፍስን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነው።

ስቴሮይድ ታዘዘልኝ፤ የኢሚውኖቴራፒውን ሥራ አያበላሽብኝም?

ፍሬኑ የተላቀቀው መከላከያ ጤናማ አካልን ሲያጠቃ የሚረጋጋው እንደ ፕሬድኒሶን ባሉ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ነው። በትሬሜሊሙማብና ዱርቫሉማብ ጥናት ውስጥ ከአምስት ታማሚዎች አንዱ ያህል በዚህ ምክንያት ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ወስዷል፤ ስለዚህ ቢታዘዝልዎ እንግዳ ነገር ደረሰብኝ አይበሉ። ለጎንዮሽ ጉዳት የተሰጠ ስቴሮይድ ካንሰሩን የመዋጋቱን ሥራ ከንቱ ያደርገዋል የሚለው ፍርሃት ሰዎች ክኒኑን እንዲተዉ እያደረገ ጉዳት ያስከትላል። መጠኑ ቢያንስ በአራት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል፤ ደህና ሆንኩ ብሎ በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆም ጉዳቱን መልሶ ያስነሣዋል። ስቴሮይድ የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መለኪያውን በየቀኑ መጠቀም አለበት። የተጎዳ የሆርሞን ዕጢ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያገግምም፤ የጎደለው ሆርሞን በክኒን ወይም በመርፌ ለዕድሜ ልክ ይተካል።

ፀጉሬ ይረግፋል?

በአብዛኛው አይረግፍም።

አባታችን ካንሰር መሆኑን አያውቅም። ሳንነግረው ሕክምናውን መጀመር ይችላል?

ይህ ጥያቄ ከፍቅር የሚመነጭ ስለሆነ በአክብሮት መመለስ አለበት። በብዙ ቤተሰቦቻችን ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚው አይነገርም፤ ልጆች ወይም ወንድሞች ተሸክመውት ይዞራሉ፤ «ጉበትህን ትንሽ አሞሃል» ተብሎ ይታለፋል። በአሜሪካ ግን አእምሮው ጤናማ የሆነ አዋቂ ሰው ስለ ሕመሙ የማወቅና በሕክምናው የመስማማት መብት የራሱ ነው፤ ሐኪሙ ሳያስረዳውና ሳይስማማ ሕክምና ሊጀምርለት አይችልም። ታማሚው ራሱ «ዝርዝሩን ለልጄ ንገሯት፣ እኔ መስማት አልፈልግም» ቢል ግን ይህም መብቱ ነው፤ በመዝገቡም ላይ ይጻፍለታል።

ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ምክንያት አለ። ይህ ሕክምና ታማሚው ሰውነቱን እንዲያዳምጥና ለውጡን እንዲናገር ይፈልጋል። ምን እንደሚወስድ የማያውቅ አባት ሳሉን ጉንፋን፣ ተቅማጡን የምግብ አለመስማማት ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እናንተም በምሽት ብቻ የምታዩት ልጆች በጊዜ ላትደርሱበት ትችላላችሁ። ስለዚህ ቢያንስ ጉበቱ ላይ ዕጢ እንዳለ፣ የሚሰጠው መድኃኒት የሰውነቱን መከላከያ እንደሚያነቃቃና የትኞቹን ምልክቶች ወዲያው መናገር እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል። ስንት ጊዜ እንደሚኖር የሚገልጹትን ቁጥሮች መስማት ካልፈለገ አይነገሩት። ንግግሩ ከባድ ከመሰላችሁ በሐኪሙ ፊት፣ በሠለጠነ አስተርጓሚ፣ ካስፈለገም የንስሐ አባቱ ወይም የሚያከብሩት ሼህ ባሉበት ሊደረግ ይችላል።

መጾም እችላለሁ?

የተጎዳ ጉበት ለረጅም ሰዓት ያለ ምግብ መቆየትን አይችልም፤ ኃይል የሚያጠራቅምበት ቦታ ስለሚያንሰው ሰውነት ጡንቻውን ማቅለጥ ይጀምራል። በዚህ ምክንያት ሲሮሲስ (በጠባሳ የደነደነ ጉበት) ያለበት ሰው በቀን ብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ እንዲበላና ከመተኛቱ በፊት አንድ ነገር እንዲቀምስ ይመከራል። እስከ ከሰዓት በኋላ ሳይበሉ መቆየትም ሆነ በረመዳን ከንጋት እስከ ማታ መጾም ከዚህ ጋር ይጋጫል። ከእንስሳት ተዋጽኦ መታቀብ ብቻውን ግን ያን ያህል አያስቸግርም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አተር ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ ናቸው። ሆዱ ውሃ የያዘ ሰው ጨው መቀነስ አለበት፤ በርበሬና ሚጥሚጣ ሲዘጋጁ የሚገባባቸውን ጨው ማሰብም ያስፈልጋል። የታመመ ሰው ከጾም ግዴታ ነፃ እንደሆነ ሁለቱም ሃይማኖቶች ያስተምራሉ፤ ይህንን ከራሳቸው ከአባቶች አንደበት መስማት ለብዙ ታማሚዎች ከሐኪም ምክር የበለጠ ዕረፍት ይሰጣል።

የባህል መድኃኒትና ጠበልስ?

ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ የሚጠጣ ሥራሥር ወይም ቅጠል በጉበት ካንሰር ሕክምና ላይ ላለ ሰው አደገኛ ነው። ብዙ ዕፅዋት የሚብላሉት በጉበት ነው፤ የጉበት ኤንዛይም ከፍ ሲል ምክንያቱ መድኃኒቱ ይሁን፣ ካንሰሩ ይሁን ወይም የተጠጣው ቅጠል ይሁን መለየት ያስቸግራል፤ በዚህ የተነሣ የሚጠቅም ሕክምና ሊቋረጥ ይችላል። በመደብር የሚሸጡ «ጉበት ያጸዳሉ» የሚባሉ እንክብሎችም እንዲሁ ናቸው። ጫት ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል ተመዝግቧል፤ አልኮልም ጠላና ጠጅን ጨምሮ መቆም አለበት። የወሰዱት ነገር ካለ ስሙን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ለመወቀስ ሳይሆን የደም ውጤቱ በትክክል እንዲነበብ ነው።

ጠበል መጠመቅና ጸሎት ከሕክምናው ጋር አይጋጩም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በባዶ ሆድ ብዙ ውሃ ጠጥቶ ማስታወክ ላይ ነው፤ ያበጡ ደም ሥሮች ላሉበት ሰው ኃይለኛ ትውከት ጥሩ አይደለም። ክኒንም ሆነ የመድኃኒት ቀጠሮ ስለ ጠበል ብለው አያቋርጡ።

ለሕመም ማስታገሻ ምን ልውሰድ?

እንደ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉትን ኩላሊትን ስለሚጎዱና ደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ አይውሰዱ። ፓራሲታሞል፣ በአሜሪካ ታይሌኖል የሚባለው፣ በተወሰነ መጠን ይሻላል፤ ሲሮሲስ ላለበት ሰው በቀን ከ2 ግራም እንዳይበልጥ ብዙ ሐኪሞች ይመክራሉ። በጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስለሚገኝ ሳያውቁት ደርበው እንዳይወስዱ ማሸጊያውን ያንብቡ።

የልጅ ልጆቼን ማቀፍና አብሬ መብላት እችላለሁ?

ይችላሉ። መድኃኒቱ ጨረር የለውም፣ ካንሰርም አይተላለፍም። የካንሰሩ መነሻ ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ ግን ቫይረሱ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ በመጎራረስና በአንድ ማዕድ በመብላት አይተላለፍም። ስለዚህ የትዳር ጓደኛዎ፣ ልጆችዎና ወንድም እህቶችዎ መመርመር፣ ነፃ የሆኑትም መከተብ አለባቸው። ክትባቱ በኢትዮጵያ የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት እዚያ የተወለዱ አዋቂዎች አብዛኞቹ በሕፃንነታቸው አልተከተቡም። የእርስዎ ምርመራ የወንድምዎን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑ በምን ይታወቃል?

በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ገደማ በሚነሣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ፣ እንዲሁም ኤኤፍፒ በተባለ የደም ምርመራ ይታወቃል። ከሁለት ዙር በኋላ ለውጥ አለመሰማቱ ምንም አያመለክትም።

ቁጥር ለሚፈልግ አንባቢ የጥናቶቹ ውጤት የሚከተለው ነው። አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ በተሰጣቸው ታማሚዎች ዕጢው በግልጽ የቀነሰው ከመቶ 30 በሚሆኑት ላይ ሲሆን፣ ሶራፌኒብ በወሰዱት ላይ 11 ነበር። ግማሾቹ ታማሚዎች ከ19 ወራት በላይ ኖረዋል፤ በሶራፌኒብ ይህ ቁጥር 13 ወራት ገደማ ነበር። ትሬሜሊሙማብና ዱርቫሉማብ ከወሰዱት ውስጥ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከመቶ 20 ያህሉ ናቸው፤ በሶራፌኒብ ግን 9 ያህል። እነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር ይናገራሉ፤ መድኃኒቱ ለብዙዎች አይሠራም፣ ለሚሠራላቸው ግን ጥቅሙ ለዓመታት ሊዘልቅ ይችላል። እርስዎ ከየትኞቹ እንደሚሆኑ አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚለይ ምርመራ የለም። ሕክምናው ካንሰሩን ከሰውነት ጨርሶ ያጠፋል ተብሎ ቃል አይገባም፤ ሐኪሙ ያላለውን ተስፋ ለታማሚው መስጠትም ሆነ ሐኪሙ የሰጠውን ተስፋ መንፈግ ተገቢ አይደለም።

እስከ መቼ ይቀጥላል? ካልሠራስ?

ካንሰሩ እስካላደገና ሰውነት እስከተቀበለው ድረስ ይቀጥላል፤ የኒቮሉማብና የኢፒሊሙማብ ጥምረት ግን ከሁለት ዓመት በላይ አይሄድም። ካልሠራ እንደ ሌንቫቲኒብ፣ ሶራፌኒብና ካቦዛንቲኒብ ያሉ የሚዋጡ መድኃኒቶች አሉ፤ አዳዲስ ጥናቶች ውስጥ መግባትም ይቻላል። ሕመምንና ጭንቀትን የሚያስታግሰው የፓሊየቲቭ ክብካቤ ቡድን ለመጨረሻው ቀን ብቻ የሚጠራ አይደለም፤ ከሕክምናው መጀመሪያ ጀምሮ ቢገባበት ታማሚው ይጠቀማል።

በሕክምናው መካከል ኢትዮጵያ ሄጄ ልመለስ እችላለሁ?

በሁለት ዙሮች መካከል፣ የመጨረሻዎቹ የደም ውጤቶች ጥሩ ከሆኑና ሐኪሙ ከፈቀደ ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጎንዮሽ ጉዳት የሚበዛባቸው ስለሆኑ በዚያ ጊዜ ባይሄዱ እመርጣለሁ። እንደ ቢጫ ወባ ያሉ ሕያው ክትባቶችን ሳይጠይቁ አይውሰዱ። የመድኃኒቶቹን ስም፣ የመጨረሻውን ቀንና የሐኪሙን ስልክ የያዘ ወረቀት ይያዙ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ዘመድ ይህንኑ ሕክምና ማስጀመር ይቻል እንደሆነ የሚጠይቁም ብዙዎች ናቸው። መድኃኒቱ ከውጭ ቢገኝ እንኳን ዋጋው ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ ነው፤ አንድ ሁለት ዙር ገዝቶ መላክ ደግሞ ተከታታይ የደም ምርመራ፣ ኢንዶስኮፒና የጎንዮሽ ጉዳትን የሚያክም ሐኪም ከሌለ ሊጎዳ ይችላል። ገንዘብ ከማሰባሰባችሁ በፊት እዚያ ካለው የካንሰር ሐኪም ጋር መነጋገር ይቅደም።

ወጪውንና ቋንቋውን እንዴት እንወጣው?

ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ሜዲኬር ፓርት ቢ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ከተመላላሽ ሕክምናው ወጪ 80 በመቶውን ይሸፍናል፤ የቀረው 20 በመቶ በእንዲህ ያለ ውድ መድኃኒት ላይ ብዙ ስለሆነ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ወይም ሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት መድን) እንዳለዎት ከመጀመሪያው ዙር በፊት ከሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ጋር ያጣሩ። የመድኃኒት አምራቾቹም ለማይችሉ ሰዎች የእርዳታ ፕሮግራም አላቸው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እንግሊዝኛ የሚችል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለአያቱ እንዲህ ያለውን ነገር እንዲተረጉም ማድረግ ለልጁም ለአያቱም ጥሩ አይደለም።

ማታ ወይም ቅዳሜና እሑድ ብታመምስ?

የካንሰር ክፍሉ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚያነሣው የስልክ ቁጥር አለ፤ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ጠይቀው በታማሚውና በቤተሰቡ ሁሉ ስልክ ላይ ይመዝግቡት። ድንገተኛ ክፍል ከሄዱ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ኢሚውኖቴራፒ እወስዳለሁ» ይበሉ። «ኬሞ እወስዳለሁ» ካሉ ሐኪሙ የሚያስበው ሌላ ነው፤ ተቅማጡን እንደ ተራ ኢንፌክሽን ሊያክመውና ስቴሮይዱ ሊዘገይ ይችላል። ሆስፒታሉ የኢሚውኖቴራፒ ካርድ ሰጥቶዎት ከሆነ ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙት። የመጨረሻውን መድኃኒት ከወሰዱ ወራት ያለፉ ቢሆንም እንኳን ይህንኑ ይናገሩ።